የባለ አንድ ዓይኗ ሁለተኛ ዓይን

ከጉና እስከ በሽሎ ባለው አገር፣ ስለዚያች ጭምብላም በራሪ ሴት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ኖሮ በሽሎ ላይ አላቆመውም ነበር። ታሪኳን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ምን ይዛለች ብትሉኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እመልሳለሁ።

እርግጥ ነው፣ ተወዳዳሪ አልነበረኝም። በአገሩ ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተቀመጠው እኔ ሣጥን ውስጥ ነው። ደግሞም በቃሌ ይዤው የኖርሁት ታሪክ ከራስጌው እስከ ግርጌው የተገለበጠ ነበር። ጀግናዋን ሰይጣን፣ ሌባውን ጻድቅ አድርጌ ሠላሳ ዓመት ያህል ሳወራ ኖሬአለሁ። ይህንን ያጋለጠችኝ የገዛ ልጄ ናት። ንዴቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ለትምህርት ቤታችን ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ካርቶን መጽሐፍ ተላከ። ከመኪና ማቆሚያው ተሸክመን ያመጣነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነበርን፤ ክብደቱ የአንድ በሬ ያህል ነበር፣ ያውም የሰባ በሬ። ሲከፈት የጀልባ ሞተር ስለ መጠገን የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ፣ በበረዶ ላይ መኪና ስለ መንዳት ሌላ መጽሐፍ፣ የሚበሉና የማይበሉ የባሕር እንስሳትን የሚዘረዝር ሦስተኛ መጽሐፍ ወጣ። ባሕር ላላየነው፣ መኪና ለሌለን፣ በረዶም ሰብላችንን ሊያጠፋ ሲመጣ ብቻ ለምናውቀው ልጆች ይህ ሁሉ ደግነት ነው። ከሁሉም በታች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተገኘች፤ ሽፋኗ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰች ሴት በአየር ትሄዳለች። የመጽሐፍ ቤቱ ጠባቂ ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይህ ሥዕል ነው እንጂ ትምህርት አይደለም» ብለው ለተሸከምሁበት ሰጡኝ።

መጽሐፏ ሠላሳ ሁለት ገጽ ናት። በያንዳንዱ ገጽ ስድስት ሰባት ትንንሽ ሥዕሎች በመስመር ተከፋፍለው ተደርድረዋል፤ ከሰዎቹ አፍ ነጭ ፊኛ የመሰለ ነገር ይወጣና ንግግራቸው በውስጡ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ የእኔ እንግሊዝኛ ፊደል ቆጥሮ የሚደክመው ዓይነት ነበር። ሥዕል ማንበብ ግን አውቃለሁ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስናስቀድስ ያደግን ልጆች፣ ቅዳሴው ሲረዝምብን የግድግዳውን ሥዕል ስናነብ ነው የኖርነው። የግድግዳው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሃል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰው፣ አሳሪውና ገራፊው፣ ሰይጣኑም ሳይቀር፣ በጎኑ ነው የሚሣል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ዓይን ቆጥረህ ማን ወደ ገነት ማን ወደ ገሃነም እንደሚሄድ ትለያለህ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዤ መጽሐፏን ገለጥሁ። አንድ ወፍራም ሰው አለ። በየሥዕሉ ፊት ለፊት ያየኛል፤ ሁለት ዓይን። ከኋላው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ክብ መዘውር ተሰክቷል፤ የግድቡን በር የሚከፍቱበትና የሚዘጉበት ነው። ለእኔ ግን ልክ በራሱ ዙሪያ ስለ ዞረ አክሊለ ብርሃን ነበር። በሁለት ጣቶቹ መካከል የሚጤስ ነገር ይዟል። ሲጋራ ነው። እኔ ጧፍ መሰለኝ፤ ጣቶቹንም ለቡራኬ ያነሣ። ከጀርባው ሐይቅ የሚያህል ውሃ ተጠራቅሟል፤ ዮሴፍ ለክፉ ቀን እህል እንዳከማቸ ይህም ደግ ሰው ለሕዝቡ ውሃ ያከማቸ ነው አልሁ።

ሴትዮዋስ? ጥቁር ካባ፣ ጥቁር ጭምብል፤ የምትበረውም ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ከፊቷ የሚታየው አንድ ወገን ብቻ ነው። አንድ ዓይን። ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በመጨረሻው ገጽ ግድቡን በቡጢ አፈረሰችው፤ ውሃው ጎረፈ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ በጎርፍ ተወሰደ። እኔም ሰማዕት አደረግሁት። ባላለቅስለት ነው የሚደንቀው፤ ለነገሩ አልቅሻለሁ።

ታሪኩን መጀመሪያ የነገርሁት ለሁለቱ ጓደኞቼ ነው። ቀጥሎ በአጨዳ ደቦ ላይ ተናገርሁት፤ ቀጥሎ በአውድማ፣ በሬዎቹ ገብሱን ሲያበራዩ፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ እያዳመጠ። በተናገርሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመርሁበት ሄድሁ፤ ጨው የሌለበት ወጥ ማን ይበላል? ያቺ ሴት ጥፍር አወጣች፤ ከወንዝ ማዶ እየተጣራች ሰውን በስሙ ማሳሳት ጀመረች። ስማዳ ያገባች የአክስቴ ልጅ ይዛው ሄደች። ከስማዳ ወደ እስቴ በየትኛው እግሩ እንደ ተሻገረ አላውቅም። እኔ አድጌ መምህር ከሆንሁ በኋላ አንድ ጊዜ ለስልጠና ወደ መካነ ኢየሱስ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት የሚነጫነጭ ልጇን «ዝም በል፣ ባለ አንድ ዓይኗ እንዳትሰማህ» ስትለው ሰማሁ። ልጁ ጸጥ አለ። ደራሲው አጠገቧ ተቀምጧል፤ አላወቀችም። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ መንገዱን ሁሉ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሄድሁ።

ባለፈው ክረምት ጣራችን አፈሰሰ። ሣጥኑን ከፍሳሹ ለማሸሽ የጎተተችው ልጄ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እኔው እንግሊዝኛ በማስተምርበት በአርብ ገበያው ትምህርት ቤት ትማራለች። ከሣጥኑ ውስጥ ያቺን መጽሐፍ አገኘቻት። ሁለት ቀን ከእጇ አላወጣቻትም። ለባዮሎጂ እንዲህ ተግታ ቢሆን ዛሬ የኩላሊት ሐኪም ነበረች። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ሳወልቅ ጠብቃ ከፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ጀግናዋ እኮ እሷ ናት።»

«ማን?»

«ባለ አንድ ዓይኗ ያልሃት። ሰውዬው ነው ክፉው። ውሃውን ገድቦ ከተማውን በጥም የሚፈጅ።»

«ልጄ፣ ዓይኑን ቁጠሪ።»

«እኔ ያነበብሁት ፊደሉን ነው፣ አባዬ።»

ይህ ነው እንግዲህ ልጅ የማስተማር ትርፉ። የዓይንን ሕግ አስረዳኋት፤ የግድግዳውን ሁሉ ምስክር ጠራሁ። እሷ ደግሞ ገጹን እየገለጠች እያንዳንዱን ፊኛ ትተረጉምልኛለች። ያስቸገሯት ቃላት እንኳ በጠርዙ ላይ በእርሳስ ትርጉማቸው ተጽፎ ስላገኘች ብዙ እንዳልደከመች ነገረችኝ። ማን ጽፎት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። የቀድሞው ባለቤት ይሆናል አልኋት። «በአማርኛ?» አለች። እኔም ራቴ እንደ ዘገየ አስታውሼ ተቆጣሁ።

በዚያ የሚቆም መስሎኝ ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያም የሚመጣው ደስ ባለው ጊዜ ነው። ልጄ ስልኬን ይዛ ዝናብ ባባራ ቁጥር ጉብታው ላይ ትወጣለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ የደወለልኝ ሰው ሁሉ የሴትዮዋን ታሪክ ፍለጋ መሐል ነው የገባው። አማቴ ታመው ሲደወልልኝ እንኳ ልጄ ቆይተው ይደውሉ ብላለች፤ እግዚአብሔር ይይላት። ያገኘችውን ግን ቁማ ነገረችኝ፤ ሳልወድ አዳመጥሁ።

መጽሐፏ ስትታተም የቆየችው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው አለች። ደራሲዋም ሠዓሊዋም አንዲት ሴት ነበረች፤ በሴት እጅ የተሣለ አይሸጥም ስለ ተባለች ከስሟ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ እየጻፈች ነበር የምታሳትመው። ጀግናዋ ቀን ቀን የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ መነጽር አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የማን ቧንቧ እንደ ደረቀ የምትመዘግብ። መዝገቡ እውነቱን ሲነግራት ነው ካባውን የምታጠልቀው። ለማዳን ወንድ አትጠብቅም። አሳታሚዎቹ በሌሎች መጽሐፎቻቸው ካሉት ወንድ ጀግኖች ለአንዱ ትዳርና ቤት ትቀመጥ ብለው አዘዙ፤ ሠዓሊዋ አልድራትም አለች፤ መጽሐፉ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስሟን የሚያነሣው አሮጌ የሥዕል መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው ብቻ ነው።

«እስከ እሷ ድረስ እኮ፣ አባዬ፣ በእንደዚህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ የሴት ሥራ ታስሮ መጮህ ነበር» አለችኝ ልጄ። «እሷ መጥታ ነው የታሰረውን መፍታት የጀመረች። የረሷትም ለዚያ ነው።»

በፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ቆማ የማታይ ልጅ፣ አሁን ግድብ ስለ ማፍረስ ታወራልኛለች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለሴት ተማሪዎች ክበብ አንድ አሮጌ ክፍል ተሰጠ፤ የተሰባበረ ወንበር ሲከማችበት የኖረ ነው። ለንባብ እንዲሆናቸው ጠርገው፣ ኖራ ቀብተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ማሰናዳት አለባቸው፤ ካልሆነ ወንበሩ ይመለስበታል። የክበቡ ሊቀ መንበር ልጄ ናት። ግድግዳው ላይ ምን ይሣል ተብለው ሲጠየቁ ያቺን ሴት አስመረጠቻቸው። በሚቀጥለው ቀን የወላጆች ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ወሬውን ሰምቶ በአንድ ቃል ከለከለ። ሴቶች ልጆቻችን በሚቀመጡበት ክፍል ባለ አንድ ዓይኗ አትሣልም፤ ከእሷ ጋር ከሚቀመጡስ ወንበሩ ይቀመጥ ተባለ።

ልጄ ከስብሰባው መጣች። ምሳ አልቀመሰችም። መጽሐፏን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «አንተ ያጣመምኸውን አንተ አቃናልኝ» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም።

በማግስቱ አርብ ነበርና ገበያ ወጣሁ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አህያቸውን አቁመው ገብስ ሲያስሰፍሩ አገኘኋቸው። እድሜያቸው ከእኔ በአሥር አሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ታሪኩን ስናገር የቆምሁበት አውድማ የአባታቸው ነበር። ሰላምታውን አሳጥሬ፣ አያ፣ ስለዚያች ሴት የነገርኋችሁ ሁሉ ስሕተት ነው አልኋቸው። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።

«አንተው አይደለህ የነገርኸን?» አሉኝ። «በአባቴ አውድማ፣ መንሹን እንደ መቋሚያ ተደግፈህ?»

«ልጅ ነበርሁ እኮ፣ አያ።»

«ልጅ አይዋሽም። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርህ፤ አሁን ልጅህ አስፈራርታህ ነው የምትቀባጥር።»

አጠገባችን ጌሾ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሳይጠየቁ ገቡበት። ስማዳ የሚኖሩት እኅታቸው ባለ አንድ ዓይኗን ወንዝ ዳር አይተዋታል፤ ካባዋን ታጥብ ነበር፤ ውሃው እስከ ታች መንደር ድረስ ጠቆረ። ይህን እንኳ እኔ አልተናገርሁትም ነበር። ሥራዬ ያለ እኔ እንዲህ ሲያድግ አይቼ በመጀመሪያ ኮራሁ፣ ቀጥሎ ተናደድሁ።

«እማማ፣ ሴትዮዋን የፈጠርኋት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ጌሾውን እንኳ ከመስፈር ሳይቆሙ፣ «ፈጣሪ አንድ ነው።»

ሰው ይስቃል። እኔ እከራከራለሁ። ፀሐዩ ይፈጃል፤ አህያው እግሬን ረገጠኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተናገርሁትን ሁሉ ያመነ አገር፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ አንድ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንድ ነገር ፈቀዱ። እዚሁ ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም በኩል የመጡ አንድ ሠዓሊ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ሲያድሱ ሰንብተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። መሪጌታው መጽሐፏን አይተው እሥላታለሁ ካሉ፣ ኮሚቴውም ይሁን ብሎ እጁን ያወጣል። አልሥልም ካሉ ነገሩ አለቀ።

ቅዳሜ ጧት ክፍሉ ውስጥ ተገናኘን። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ እንደ ሰንበት ነጠላ ነጥቷል። መሪጌታው ቀጭን፣ ረዥም ናቸው፤ ጣቶቻቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ሊቀ መንበሩ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጄ ከግድግዳው ሥር የቀለም ቆርቆሮ ይዛ ተቀምጣለች። መሪጌታው መጽሐፏን ከእጄ ተቀበሉና ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ፣ አንድም ገጽ ሳይዘሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ገለጡ። እኔ በአራት ቅዳሴ ያልቆምሁትን ያህል ቆምሁ።

«እጇ ያውቃል» አሉ ስለ ሠዓሊዋ። «ካባውን እንዴት እንደ ነፋችው እይ። ነፋሱ ራሱ ይታያል።» ልጄ ፈገግ አለች። «ግን በጎን ነው የሣለቻት። በአንድ ዓይን።»

ልጄ፣ በዚያ አገር የጎን ሥዕል ክፉ ማለት እንዳልሆነ፣ ስለምትበር ብቻ እንደዚያ እንደ ተሣለች፣ በትሕትና አስረዳቻቸው። መሪጌታው ጨርሳ እስክትናገር ጠበቋት።

«በዚያ አገር ይሆናል፣ ልጄ» አሉ። «ግድግዳው ያለው ግን እዚህ አገር ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መጽሐፉ የእኔ እንደሆነ፣ የማስተምረውም እንግሊዝኛ እንደሆነ ሰምተዋል። ልጅቷ አንድ ትላለች፣ አገሩ ሌላ ይላል፤ የአገሩም ወሬ ከእኔ አፍ እንደ ወጣ ነግረዋቸዋል።

«ስለዚህ አንተ ንገረኝ፣ መምህር። በንስሐ አባትህ ፊት እንደ ቆምህ ሆነህ። አንብበኸዋል፤ መጽሐፉ ምን ይላል? ደግ ናት ካልኸኝ እሥላታለሁ። ክፉ ናት ካልኸኝ ቀለሜን ጠቅልዬ መንገዴን እሄዳለሁ።»

በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው። በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በግምገማ ላይ እንኳ ያላጣሁት ሰውዬ፣ አፌን ከፍቼ ቆምሁ። ሊቀ መንበሩ ያዩኛል። ልጄ አታየኝም፤ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች።

«አላነበብሁትም» አልሁ።

ሊቀ መንበሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግሊዝኛ የሚያስተምር!» ይላሉ፤ ያስላሉ፤ «ሠላሳ ዓመት!» ይላሉ፤ ደግሞ ያስላሉ። መሪጌታው አልሳቁም፤ ግን ፊታቸው ረገበ። ያላነበበ መምህር ብርቅ አልሆነባቸውም መሰለኝ። ልጄ ብቻ ቀና ብላ መጀመሪያ መጽሐፏን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ታዲያ ያነበበው ማን ነው?» አሉ መሪጌታው።

«እሷ ናት።»

«እንግዲያውስ እሷ ታንብብልን።»

አነበበች። ገጽ በገጽ፣ ፊኛ በፊኛ፣ እየተረጎመች። ጸሐፊዋ ወደ ሰውዬው ሄዳ ከታች ያለው ሰፈር ውሃ ከተቋረጠበት ሰነበተ ስትለው፣ ሰውዬው ጭሱን እየለቀቀ፣ ውሃ የሚያገኝ እኔን ደጅ የጠና ነው ይላታል። እዚህ ላይ ሊቀ መንበሩ ሳቃቸውን አቆሙ። እሳቸው ከላይ ማሳ ካለ ጎረቤታቸው ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልተው ስንት ሽማግሌ እንዳስቀመጡ አገር ያውቃል። ቀጥይ አሏት። ውሃውን መቼ ገደበው? ማን ፈቀደለት? ሽማግሌ አልነበረም? በማያገባቸው ሁሉ እየገቡ አስቸገሯት፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ለመድረስ ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ፈጀ። ግድቡ ሲፈርስ ግን ዱላቸውን አንሥተው ወለሉን መቱት።

«ደግ አደረገች» አሉ። «ደግ አደረገች፤ እጇ ይባረክ።»

መሪጌታው ተነሥተው በከሰል ግድግዳው ላይ መሥመር ማውጣት ጀመሩ። ገላዋን እንደ መጽሐፉ በጎን አበረሩት፤ ካባው ከኋላዋ ተነፋ፤ ከሥሯ ውሃው እንደ ዝናር ጥይት እየተደረደረ ወደ መንደር ይወርዳል። ፊቷን ግን ወደ እኛ አዞሩት፤ ልክ ፈረሱ በጎን እየጋለበ እሱ ፊት ለፊት እንደሚያየን እንደ ፈረሰኛው ሰማዕት። ሁለት ዓይን፤ ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የተከፈተ። ጭምብሉን እንዴት እናድርገው ተባባሉና ልጄ በግንባሯ ላይ ይነሣ አለች፤ ዓይን የሚታየው ያን ጊዜ ነዋ። የወንበሩ ነገር በዚያው ቀረ፤ ክፍሉ የልጆቹ ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኬ ያማረ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ይህንን አገር አታውቁትም። ሊቀ መንበሩ ሥዕሉ ሲያልቅ ራቅ ብለው፣ ቀረብ ብለው መረመሩትና እጃቸውን አወጡ።

«ይህችማ ሌላ ናት» አሉ። «ያቺ ባለ አንድ ዓይኗ ናት። ይህቺ የውሃዋ ናት።»

አያ፣ አንድ ሴት እኮ ናት ብል፣ ሁለቱን ሥዕል አጠገብ ላጠገብ ባሳይ፣ ማን ሰምቶኝ። በሚቀጥለው አርብ ጌሾ ሻጭዋ የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ሊያዩ መጡ፤ ከሥዕሉ ፊት ቆመው አማተቡና የውሃዋ የባለ አንድ ዓይኗ ታናሽ እኅት እንደሆነች፣ ልታሸንፋት እንደ መጣች ለልጆቹ አስረዱ። ዛሬ በጋይንት ሁለቱም አሉ። አንዷ ልጅ ታስፈራራለች፣ ሌላዋ ልጅ ታበረታታለች። ሁለት ሴት ከአንድ መጽሐፍ ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ ለአንዷም የሚያመሰግነኝ አልተገኘም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጄ መጽሐፏን በላስቲክ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «የቀድሞውን ባለቤት ካገኘኸው፣ ስለ ጻፈው ትርጉም አመሰግናለሁ በልልኝ፤ የእጅ ጽሕፈቱ የአንተን ይመስላል» አለችኝ። ፈገግታዋን በግማሽ አየሁት፤ በጎኗ ነበር የቆመች።

ስለዚህ ይኸው እናገራለሁ። መሪጌታው ፊት ያልሁት ውሸት ነው። ያቺን መጽሐፍ አንብቤአታለሁ። የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሳለሁ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ አንድም ገጽ ሳልዘል። ሴትዮዋ ደግ መሆኗን ልጄ ሳትወለድ አውቄአለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ያ ልጅ በእሷ ስም ሲፈራ ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜም አውቅ ነበር። ዝም ያልሁት ሰው የወደደው የእኔን ታሪክ ስለነበረ፣ እኔም መወደዱን ስለ ወደድሁት ነው። አላነበብሁትም ያልሁትም፣ እያወቀ ዋሸ ከምባል ሰነፍ ብባል ስለ ቀለለኝ ነው። እርሳሱ የእኔ ነው።